በቤንዚን በሚሠሩ አሮጌ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ላይ የብልጭታ ጉድለትን ፈልጎ ማግኘትና ማስተካከል

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ጀልዴሳ በድሬዳዋ አስተዳደር በቆላው በኩል የምትገኝ የጥንት የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ናት። ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ የደጋው ጭነት ከበቅሎና ከአህያ ወርዶ ግመል ላይ የሚጫነው በዚህች ሥፍራ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የቅፍለቱ ንግድ ከጀልዴሳ ራቀ። ለነዋሪው የቀረለት ከብቱ፣ መሬቱና ውኃው ነው።

በዚህ ቆላ ዝናቡ ጥቂትና ያልተስተካከለ በመሆኑ አትክልትና ፍራፍሬ ያለ መስኖ አይታሰብም። ማሳው ከውኃው ከፍ ባለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ውኃውን የሚያወጣ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩ በአበባ ወቅት ቢቆም ቲማቲሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ አበባውን ያራግፋል፤ የሽንኩርቱም እድገት ይገታል። ሞተሩ ከሳምንት በኋላ ቢጠገን እንኳ የተራገፈው አበባ አይመለስም። ስለዚህ ጥገናው በሰዓታት እንጂ በሳምንታት ሊቆጠር አይገባውም።

አንድ የቤንዚን ሞተር አልነሣም ሲል ብዙ ጊዜ የሚደረገው ካርቡራቶሩን መፈታታት ነው። ይህ ካልረዳ ሞተሩ ራሱ ይከፈታል፤ በመጨረሻም «አርጅቷል» ተብሎ ጥግ ይጣላል፤ ማኅበሩም ለአዲስ ሞተር ዕዳ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቆሸሸ ካንዴላ፣ የተላጠ ሽቦ ወይም በፑንቲና ላይ ያረፈ የዘይት ጠብታ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኛው ጉድለቱን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል እየፈተሸ እንዲያገኝና ማኅበሩም ፈተናው ያመለከተውን ዕቃ ብቻ እንዲገዛ ማስቻል ነው።

2. ጽሑፉ የሚመለከታቸው ሞተሮች

በመጀመሪያ የሞተሩ ዓይነት መታወቅ አለበት። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚነደው አየሩ በኃይል ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ወደ አገራችን ከገቡት ባለሁለት ጎማ ትራክተሮች አብዛኞቹ በናፍጣ ስለሚሠሩ ይህ ጽሑፍ እነርሱን አይመለከትም። ጽሑፉ የሚመለከተው በቤንዚን የሚሠሩትን የውኃ መሳቢያዎች፣ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችና የጓሮ እርሻ ትራክተሮች ነው። በቤንዚን ተነሥተው በላምባ የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮችም የብልጭታ አሠራራቸው ከነዚሁ ጋር አንድ ነው።

የብልጭታው አሠራር በሦስት ይከፈላል፦

ሀ) ማግኔትና ፑንቲና ያለው። ባትሪ አያስፈልገውም። ማግኔቱ በቮላኖው ላይ ተተክሏል። በአሮጌ የውኃ መሳቢያዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው።

ለ) ባትሪ፣ ኮይልና ፑንቲና ያለው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑት በአሜሪካ በተሠሩ የጓሮ ትራክተሮች ላይ የተለመዱት የኮለር ኬ ሞተሮች ናቸው። ፑንቲናቸው ከሞተሩ ውጭ በትንሽ ክዳን ሥር ስለሚገኝ ለማጽዳት ቮላኖውን መፍታት አያስፈልግም።

ሐ) ማግኔትና የኤሌክትሮኒክ ክፍል ያለው። ፑንቲና የለውም። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ ፑንቲናን በኤሌክትሮኒክ ክፍል ተክቷል። የሆንዳ ጂ.ኤክስ. ሞተሮችና በነርሱ አምሳል ተሠርተው በየገበያው የሚሸጡት ትናንሽ ሞተሮችም ከዚህ ወገን ናቸው።

በሀ እና በሐ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ የቮላኖው ክዳን ይነሣና ኮይሉ ይታያል። ከኮይሉ ተነሥቶ ወደ ቮላኖው ሥር የሚገባ ቀጭን ሽቦ ካለ ፑንቲና አለ ማለት ነው። ከወፍራሙ የካንዴላ ሽቦ ሌላ ወደ ማጥፊያው የሚሄድ አንድ ሽቦ ብቻ ካለ ግን ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮኒክ ነው።

3. ብልጭታው እንዴት እንደሚፈጠር

ኮይል በአንድ የብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉት። አንደኛው ወፍራምና ዙሩ ጥቂት ነው። ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነና በሺህ የሚቆጠር ዙር ያለው ነው። ቮላኖው ሲሽከረከር ማግኔቱ በእምብርቱ አጠገብ ያልፋል፤ ፑንቲናውም ተገጥሞ ሳለ በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል። በዚህ መካከል በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጉብታ ፑንቲናውን ይከፍተዋል። ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥ በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ የሆነ ግፊት ይፈጠራል። ይህ ግፊት በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ዘልሎ ብልጭታ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ዋናው ቁም ነገር መቋረጡ ድንገተኛ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ኮንደንሰር የተባለው ትንሽ ቆርቆሮ መሰል ዕቃ ሥራው ይኸው ነው። ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት ፍሰቱን ወደ ራሱ ተቀብሎ በፑንቲናው መካከል እንዳይቀጥል ያደርጋል። ኮንደንሰሩ ሲበላሽ ፍሰቱ በፑንቲናው መካከል ይነዳል፤ ፑንቲናው ይቃጠላል፤ የካንዴላውም ብልጭታ ይደክማል።

በኤሌክትሮኒክ ሞተር ላይ ይህንኑ የማቋረጥ ሥራ የሚሠራው ትራንዚስተር ነው። የሚፋተግ ነገር ስለሌለው አይበላም፤ አቧራም አይዘጋውም። ነገር ግን ከተበላሸ አይጠገንም፤ በሙሉ ይለወጣል።

4. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

• የብልጭታ ፈተና ከቤንዚን መያዣና ከፈሰሰ ቤንዚን ርቆ በነፋሻ ቦታ መደረግ አለበት። የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋል።
• በፈተና ጊዜ ካንዴላውም ሆነ ሽቦው በባዶ እጅ መያዝ የለበትም።
• ካንዴላው በተፈታበት ቀዳዳ የቤንዚን ጭጋግ ስለሚወጣ የሚፈተነው ካንዴላ ከቀዳዳው ርቆ መያዝ አለበት። ቀዳዳው በጨርቅ ቢሸፈን ይመረጣል።
• ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞከር የውኃ መሳቢያው አስቀድሞ በውኃ መሞላት አለበት። ውኃ ሳይኖረው ቢሽከረከር የውኃ መከላከያው ይቃጠላል።

5. የፍለጋው ቅደም ተከተል

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ለመነሣት ሦስት ነገር ይፈልጋል። እነርሱም በልኩ ከአየር ጋር የተደባለቀ ነዳጅ፣ በቂ እመቃና በወቅቱ የሚመጣ ብልጭታ ናቸው። የማስነሻው ገመድ ጥቂት ጊዜ ከተሳበ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። ጫፉ በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ እየደረሰ ስለሆነ ጥርጣሬው በብልጭታው ላይ ይሆናል። ደረቅ ከሆነ አስቀድሞ የነዳጁ መንገድ ይታይ። ብልጭታው ከተጠረጠረ የሚከተሉት እርምጃዎች ሳይዘለሉ በየተራ ይፈጸማሉ።

እርምጃ 1፦ ዘይቱን ማየት። በብዙ የሆንዳ ጂ.ኤክስ. ሞተሮችና በአምሳያዎቻቸው ውስጥ ዘይት ሲጎድል ብልጭታውን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አለ። ዘይቱ በቂ ሆኖም ሞተሩ በወንዝ ዳር ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ መቆጣጠሪያው ዘይት እንደጎደለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ በደልዳላ ቦታ ተቀምጦ ዘይቱ ይለካል። በዚህ ብቻ የሚነሣ ሞተር ጥቂት አይደለም።

እርምጃ 2፦ ማጥፊያውን መፈተን። በማግኔት በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ማጥፊያው ሞተሩን የሚያቆመው የኮይሉን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ነው። የማጥፊያው ሽቦ ተልጦ ብረት ከነካ ሞተሩ ሁልጊዜ እንደጠፋ ይቆያል። ይህን ለማወቅ የማጥፊያው ሽቦ ከኮይሉ በኩል ይነቀልና ብልጭታው ይፈተናል። ብልጭታ ከመጣ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በማጥፊያው ላይ ነው። ሽቦው በተነቀለበት ሁኔታ ሞተሩ ቢነሣ በማጥፊያው ስለማይቆም የነዳጁን መዝጊያ በመዝጋት እንዲቆም ይደረጋል። ይህ ፈተና በባትሪ ለሚሠሩት አይሆንም።

እርምጃ 3፦ ካንዴላውን ማየትና መፈተን። የካንዴላው ጫፍ ቀለም ስለ ሞተሩ ብዙ ይናገራል። ቀላ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ነዳጁ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ተዘግቷል። እርጥብና ጥቁር ዘይት ካለበት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። የሸክላው ክፍል የተሰነጠቀ ካንዴላ ይጣላል፤ የቆሸሸው በሽቦ ብሩሽና በቤንዚን ይጸዳል።

ለፈተናው ካንዴላው ከሽቦው ጋር ይገጠምና የብረት አካሉ ቀለም ከሌለበት የሞተሩ ብረት ጋር ይነካካል። ገመዱ በፍጥነት ሲሳብ ጠንካራና ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ብጫና ቀጭን ብልጭታ ወይም ምንም አለመታየት ጉድለት ነው። ደኅናነቱ በታወቀ ሌላ ካንዴላ ፈተናው ይደገማል። በሁለተኛው ብልጭታ ከመጣ የመጀመሪያው ካንዴላ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል።

ነገር ግን በነፃ አየር ላይ የሚታይ ብልጭታ በታመቀ አየር ውስጥ ላይዘል ይችላል። ለዚህም የአንድ አሮጌ ካንዴላ ክፍተት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ለመፈተኛ ይቀመጣል። ኮይሉ ይህን ክፍተት ማዘለል ከቻለ በሲሊንደሩም ውስጥ ይሠራል።

እርምጃ 4፦ የካንዴላውን ሽቦና ቆብ መመርመር። ሽቦው በሙቀት የተሰነጠቀ ወይም አይጥ የበላው ከሆነ ብልጭታው ካንዴላው ሳይደርስ በጎን ይዘላል። በምሽት ገመዱ ሲሳብ በሽቦው ላይ የሚታይ ትንሽ ብርሃን ቦታውን ያሳያል። በቆቡ ውስጥ ዝገት ካለ ይጸዳል።

እርምጃ 5፦ ፑንቲናውን ማጽዳትና ክፍተቱን መለካት። እስካሁን ብልጭታ ካልተገኘና ሞተሩ ፑንቲና ያለው ከሆነ ቮላኖው በመንቀያው ይነሣል። ቮላኖውን በመዶሻ መምታት አይገባም፤ ሊሰነጠቅና ማግኔቱም ሊደክም ይችላልና።

የፑንቲናው ፊቶች ጠቁረው ወይም ተቦርቡረው እንደሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይታሻሉ። ከዚያም ንጹሕ ጠንካራ ወረቀት በመካከላቸው ገብቶ ደጋግሞ ይሳባል፤ ወረቀቱ ያለ ጥቁረት እስኪወጣ ድረስ ይቀጥላል። የታሸ ፊት በጣት መነካት የለበትም። የጣት ወዝ ብቻ ብልጭታን ሊያስቀር ይችላል።

ክፍተቱ የሚለካው ዘንጉ ዞሮ ፑንቲናው እስከ መጨረሻው በተከፈተበት ቦታ ነው። ክፍተቱ ከልኩ ሲሰፋ ብልጭታው ይቀድማል፤ ሲጠብ ይዘገያል። ከጽዳቱ በኋላ በቅርቡ እንደገና ዘይት ከታየበት የዘንጉ የዘይት መከላከያ ጎማ ማርጀቱን ያመለክታል፤ እርሱ ካልተለወጠ ጽዳቱ ዘላቂ አይሆንም።

እርምጃ 6፦ ኮንደንሰሩን መለወጥ። ፑንቲናው ከተጸዳ በኋላ ብልጭታው ብጫና ደካማ ከሆነ፣ ፑንቲናውም ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል። ለአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች የሚሆነው ኮንደንሰር 0.2 ማይክሮፋራድ ገደማ ነው። ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ኮይል ከመገዛቱ በፊት እርሱን መለወጥ ይበጃል።

እርምጃ 7፦ ኮይሉን መመርመር። በኮይሉ እግሮችና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። እግሮቹ ዝገት ካላቸው ይጸዳሉ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ካለ የወፍራሙ ሽቦ ተቃውሞ ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች፣ የቀጭኑ በሺህ የሚቆጠር ኦም መሆን አለበት። ምንም የማያሳልፍ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል፤ ኮይሉ ይለወጣል። በኤሌክትሮኒክ ሞተር ላይ እርምጃ 5 እና 6 ስለሌሉ ከአራተኛው ወደዚህ ይታለፋል። በነዚህ ላይ መለኪያው ሁሉንም አያሳይም፤ የመጨረሻው ፈተና ደኅና ክፍል ገጥሞ ማየት ነው።

እርምጃ 8፦ ብልጭታው በወቅቱ መምጣቱን ማረጋገጥ። ብልጭታው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ገመዱን ወደ ኋላ የሚነጥቅ ወይም በካርቡራቶሩ በኩል የሚተኩስ ከሆነ ቮላኖው ከቦታው ዞሯል ተብሎ ይገመታል። ቮላኖውንና ዘንጉን የምታያይዝ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ብረት አለች። በብዙ ሞተሮች ላይ ከለስላሳ ብረት የምትሠራው ሆነ ተብሎ ነው፤ አደጋ ሲደርስ እርሷ ተቆርጣ ዘንጉን እንድታድን ነው። ግማሽ ያህል እንኳ ከተንሸራተተች መለወጥ አለባት። በእርሷ ምትክ ምስማር ወይም ጠንካራ ብረት ማስገባት ትልቅ ጥፋት ያስከትላል፤ በሚቀጥለው አደጋ የሚሰበረው ዘንጉ ይሆናል።

6. ለማስታወስ የሚያገለግሉ ልኮች

የሞተሩ መመሪያ ካለ የመመሪያው ልክ ይቀድማል። ከሌለ የሚከተሉት ይረዳሉ።

• ፑንቲና ያላቸው አሮጌ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች፦ ካንዴላ 0.75 ሚሊ ሜትር፣ ፑንቲና 0.5 ሚሊ ሜትር፤ ለብዙዎቹ ትናንሽ ሞዴሎች የኮይል ክፍተት ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር።
• የኮለር ኬ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተሮች፦ ፑንቲና 0.5 ሚሊ ሜትር።
• ሆንዳ ጂ.ኤክስ. 160፦ ካንዴላ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር፤ የኮይል ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል፤ ፑንቲና የለውም።

የክፍተት መለኪያ በሌለበት የብረት መጋዝ ምላጭ ውፍረት 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለግምት ያገለግላል። በካንዴላ ክፍተት ውስጥ ምላጩ ሳይጠብቅ፣ ትንሽ ለቀቅ ብሎ መግባት አለበት። ለፑንቲና ግን ምላጩ ከልኩ ይወፍራል፤ ሳይጨናነቅ ከገባ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው።

7. በቆላው አካባቢ ተለይተው የሚታዩ ችግሮች

አቧራ፦ ደረቅ አቧራ በቮላኖው ማቀዝቀዣ በኩል ይገባል። የፑንቲናው ክዳን ካልገጠመ በፊቶቹ መካከል ያርፋል። ክዳኑ ሁልጊዜ መገጠምና የሽቦው መግቢያ ቀዳዳ መደፈን አለበት።

ሙቀት፦ በጠዋት በደንብ ሠርቶ ቀትር ላይ የሚቆም፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚነሣ ሞተር የኮይል ወይም የኮንደንሰር ጉድለት ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር መፈተን ያለበት በቆመበት ሰዓት ሳይቀዘቅዝ ነው። ሲቀዘቅዝ ቢፈተን ደኅና መስሎ ይታያል። ለሞተሩ ከሰሌን ወይም ከሣር ጥላ መሥራት ይጠቅማል፤ አየር የሚያገኝበት ግን መዘጋት የለበትም።

ጎርፍ፦ በዚህ አካባቢ ጎርፍ የሚመጣው በደጋው ከጣለ ዝናብ ስለሆነ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከተማ ከ200 በላይ ሰው መግደሉ የሚረሳ አይደለም። ስለዚህ ሞተር በአሸዋማው ወንዝ ውስጥ ማደር የለበትም። ውኃ የገባበት ሞተር ደግሞ ሳይከፈት ገመዱ አይሳብ። አስቀድሞ ዘይቱና ነዳጁ ይፈስሳል፤ ካንዴላው ተፈትቶ በሲሊንደሩ ያለው ውኃ ይወጣል፤ ኮይሉ በፀሐይ እንጂ በእሳት አይደርቅም፤ ፑንቲናው ይጸዳል። ከዚያ በኋላ አዲስ ዘይት ተሞልቶ ይሞከራል።

8. ፑንቲናን በኤሌክትሮኒክ ክፍል መተካት

ለአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን የሚተካ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ይገኛል። ፑንቲናው እንደገና ለማይገኝበት ሞተር ጥሩ መፍትሔ ነው። ሆኖም ለሁሉም ሞዴል አይስማማም። ከመገዛቱ በፊት በሞተሩ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ተመዝግቦ ለሻጩ መታየት አለበት። ዋናው ኮይል ራሱ የሞተ ከሆነ ይህ ክፍል ብቻውን አያድነውም።

9. የማኅበሩ ድርሻ

• አንድ አባል የሞተር ኃላፊ ሆኖ ይመደብ። በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩትን እርምጃዎች የልማት ሠራተኛው በተግባር ያሳየው፤ አባሉም በፊቱ ደግሞ ይሥራ።
• በአንድ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ፑንቲና፣ አንድ ኮንደንሰር፣ የቮላኖ ቁራጭ ብረት፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ይቀመጥ። ዕቃዎቹ የሚገዙት ከመስኖው ወቅት በፊት ነው። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ድሬዳዋ ተወርዶ ዕቃ ሲፈለግ ማሳው አይጠብቅም።
• ለእያንዳንዱ ሞተር መዝገብ ይኑር። ሞዴሉ፣ የሠራበት ሰዓት፣ የተለወጠው ዕቃና የተገኘው ጥፋት ይጻፍበት። አንድ ሞተር በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ ካንዴላ ካበላሸ ጥፋቱ በካንዴላው እንዳልሆነ መዝገቡ ይነግራል።
• «ሞተሩ አርጅቷል» የሚል ውሳኔ ከመወሰኑና አዲስ ከመገዛቱ በፊት ስምንቱ እርምጃዎች ተፈጽመው ውጤታቸው በጽሑፍ ለማኅበሩ ሥራ አመራር ይቅረብ።

10. ማጠቃለያ

ካንዴላ፣ ፑንቲናና ቮላኖ የሚባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ገብተው በጋራዥ ቋንቋ ቢጸኑም ሥራቸው ለሠለጠነ መካኒክ ብቻ የተተወ ምስጢር አይደለም። ዘይቱን ለክቶ፣ ማጥፊያውን ነቅሎ፣ ካንዴላውን ፈትኖ፣ ፑንቲናውን አጽድቶ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጥፋት በአንድ ጠዋት ሊያገኘው ይችላል። ቅደም ተከተሉን የሚዘል ግን ደኅና ካርቡራቶር ይፈታል፤ ደኅና ኮይል ይለውጣል፤ በመካከሉም ማሳው ይደርቃል። የልማት ሠራተኛው ይህን ትምህርት ለማኅበሩ የሚያሳየው ሞተሩ ደኅና ሳለ፣ የመስኖው ወቅት ከመድረሱ በፊት ሊሆን ይገባል።